ያልተመለሰ ጥያቄ ሁሉ የክፉ ሰው ጥያቄ አይደለም

ከ12ኛ ክፍል ተማሪ



በዚህ መጽሔት ላይ በየዓመቱ ስለ ትምህርት ጥቅም፥ ስለ ንጽሕና፥ ስለ አገር ፍቅርና ስለ ጊዜ አጠቃቀም ብዙ ጥሩ ጥሩ ጽሑፎች ይወጣሉ። እኔም ዘንድሮ የመጨረሻ ዓመቴ ስለ ሆነ፥ ከጓደኞቼና ከመምህራኖቼ ከመለየቴ በፊት አንድ አሳብ ለማቅረብ ተነሥቻለሁ። አሳቤ ስለ ኢንተርኔት ነው፤ ይኸውም ዛሬ ስለምንጠቀምበት ብቻ ሳይሆን ሊቃውንት ወደ ፊት ሊተኩት ስለሚመራመሩበት ስለ አዲሱ ዓይነት ነው። «ይህ ለጫጫ ልጅ ምኑ ነው?» የሚል እንደማይጠፋ ዐውቃለሁ። ነገር ግን ነገሩ የሚጀምረው ከሩቅ አገር ሳይሆን ከራሳችን ቤተ መጻሕፍት ነውና፥ እስከ መጨረሻው እንድትታገሡኝ በትሕትና እለምናለሁ።

በቅድሚያ አንድ ጥፋቴን ልናዘዝ። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ መጽሐፍ የምንዋሰው በብጣሽ ወረቀት ነበር። ተማሪው የሚፈልገውን መጽሐፍ ስም ጽፎ ለቤተ መጻሕፍቷ ሠራተኛ ይሰጣል። መጽሐፉ በቅርብ ተመልሶ በአጠገቧ ባለው ጠረጴዛ ላይ ካለ ወዲያው ይሰጠዋል። ከሌለ ግን ብጣሹን በግድግዳው ላይ ካሉት 40 ሚስማሮች በአንዱ ላይ ሰቅላ፥ መጽሐፉን ከመጋዘን ታስፈልጋለች፤ በመጋዘንም ከታጣ ወደ ደብረ ብርሃን የሚሄድ መምህር ሲገኝ ታስጠይቃለች። ሦስት ልጆች አንድ መጽሐፍ ቢጠይቁ ሦስት ሚስማር አትይዝም፤ በአንዱ ብጣሽ ላይ የሦስቱን ስም ትጽፍና አንድ ጊዜ ብቻ ታስፈልጋለች። ሚስማሮቹ ሁሉ በተያዙ ጊዜ ግን «ነገ ተመለሱ» ከማለት በቀር ሌላ መላ አልነበራትም።

እኔና አንድ ጓደኛዬ ለሣቅ ብለን በዓለም ላይ የሌሉ መጻሕፍትን ስም ፈጥረን በብዙ ብጣሽ ጻፍን። ሞኝ እንዳንመስል የመጽሐፉን የፊት ስም እውነተኛ አደረግነው፤ «የፊዚክስ መማሪያ» ካልን በኋላ ያልታተመ ክፍልና ያልተወለደ ደራሲ እንጨምርበት ነበር። በሁለት ቀን ውስጥ ሚስማሮቹ ሞሉ። ሠራተኛዋም የጠየቅነው እውነት መስሏት መጋዘኑን ከላይ እስከ ታች ስትበረብር ዋለች። በዚያው ሳምንት ከገጠር ቀበሌ በእግሯ እየተመላለሰች የምትማር አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሁለት ጊዜ መጥታ ሁለት ጊዜ «ነገ ተመለሺ» ተባለች። በሦስተኛው ቀን አልመጣችም። የፈለገችው መጽሐፍ በመጋዘን ነበረ፤ የጠፋው ብጣሿ የሚሰቀልበት ሚስማር ነው።

ነገሩ ከንክኖኝ ጓደኛዬን አስከትዬ ለሠራተኛዋ በተናዘዝሁ ጊዜ፥ አልተቆጣችም። «ልጆቼ፥ መጽሐፍ ብትሰርቁኝ ኖሮ አንድ ሰው ነበር የሚጎዳው፤ እናንተ የሰረቃችሁት ግን የሰዉን ሁሉ ተራ ነው» አለችን። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም።

እንግዲህ በኮምፒዩተር ዓለም ይህን የመሰለው ጥፋት «አገልግሎት የመከልከል ጥቃት» ይባላል። ጥቃት አድራሹ ገንዘብ አይሰርቅም፥ ምሥጢርም አያወጣም፤ የሐሰት ጥያቄ አብዝቶ እውነተኛው ጠያቂ ተራ እንዲያጣ ያደርጋል እንጂ። እ.ኤ.አ. በ1996 በኒውዮርክ የሚገኝ ፓኒክስ የተባለ የኢንተርኔት ድርጅት በዚህ ዓይነት ጥቃት ሥራው ለቀናት ታወከ። ዘዴው ቀላል ነበር። አጥቂው «ልነጋገር እፈልጋለሁ» የሚል ጥያቄ ከሐሰት አድራሻ እየላከ፥ ኮምፒዩተሩ መልስ ሰጥቶ የማይመጣውን እንግዳ እንዲጠብቅ አደረገው። እ.ኤ.አ. በ2007 በኢስቶኒያ የመንግሥት፥ የባንክና የጋዜጣ ድረ ገጾች በዚህ ዓይነት ማዕበል ተመቱ። ጥቅምት 11 ቀን 2009 ዓ.ም. ደግሞ ሚራይ የተባለው ክፉ ፕሮግራም በየቤቱ የተተከሉ ካሜራዎችንና ትንንሽ መሣሪያዎችን ማርኮ፥ ዳይን የተባለውን የስም መዝገብ አገልግሎት ሰጪ በጥያቄ ስላጥለቀለቀው፥ በአሜሪካ ብዙ ሰዎች ትዊተርንና ሌሎች ታላላቅ ድረ ገጾችን ለሰዓታት ማግኘት ተሳናቸው። በአገራችንም የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ከታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጋር በተያያዘ ከግብፅ የተነሣ የሳይበር ጥቃት እንዳከሸፈ በሰኔ 2012 ዓ.ም. አስታውቋል። ስለዚህ ነገሩ የሌላ አገር ወሬ ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ አዲሱ አሳብ ልግባ። የዛሬው ኢንተርኔት የተሠራው እንደ ፖስታ ቤት ነው። ደብዳቤው ላይ የላኪና የተቀባይ አድራሻ ይጻፋል፤ በመንገድ ላይ ያሉት መሪ መሣሪያዎች (ራውተሮች) አድራሻውን አይተው ያሳልፋሉ እንጂ በውስጡ ምን እንዳለ አያስታውሱም። በዚህ ምክንያት አንድ ክፍል ተማሪዎች ሁሉ በአንድ ሰዓት አንዱን የሒሳብ መጽሐፍ ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ አገር ቢያስመጡ፥ ያው መጽሐፍ 50 ጊዜ በዚያው ቀጭን መሥመር ይመላለሳል። ሃምሳ አህያ ተጭኖ የመጣው ጭነት ቢፈታ ሃምሳውም አንድ ዓይነት ሆኖ እንደ መገኘት ያለ ነው።

ቫን ጃኮብሰን የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ2006 «ሰው የሚፈልገው ነገሩን እንጂ ነገሩ የተቀመጠበትን ቤት አይደለም» የሚል አሳብ ይዞ ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ2009 ከጓደኞቹ ጋር ዝርዝሩን በጽሑፍ አወጣ፤ በማግሥቱም ዓመት የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ድርጅት ገንዘብ መድቦ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሚሳተፉበት ምርምር ተጀመረ። በዚህ ዓይነቱ መረብ አድራሻ አይጻፍም፤ የሚጻፈው የይዘቱ ስም ነው። ልክ እንደ ቤተ መጻሕፍታችን ማለት ነው። እያንዳንዱ መሪ መሣሪያ ሦስት ነገር ይይዛል። አንደኛው በቅርብ ያለፈውን ይዘት ቅጂ የሚያኖርበት ጠረጴዛ ነው። ሁለተኛው መልስ የሚጠብቁ ጥያቄዎች የሚሰቀሉበት የሚስማር ሰሌዳ ነው። ሦስተኛው «እንዲህ ያለ ስም በዚህ በኩል ይገኛል» የሚል የመንገድ መዝገብ ነው። አንድን መጽሐፍ አንድ ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ ቢጠይቅ ወደ ላይ የሚሄደው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ የሚመጣውም ቅጂ አንድ ነው፤ እርሱም ለሁሉ ይከፋፈላል።

እንዲህ ያለው ነገር እንደ እኛ ላለ ከተማ እንዴት ያለ በረከት መሰላችሁ! አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከመጣ ወዲህ የታተመ መጽሐፍ ሳይዳረስ ቀርቶ ብዙ ተማሪ በስልክ ሲያነብ አይተናል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ሲቆይ ደግሞ መጽሐፉን አስቀድሞ በስልኩ ያልያዘ ተማሪ ከያዘው ጓደኛው በብሉቱዝና በፍላሽ እየተቀበለ ተምሯል። ሳናውቀው የሠራነው ሥራ ይኸው ነበር፤ ነገሩን በስሙ ፈልገን በአቅራቢያችን ካለው ወሰድን እንጂ ሩቅ አድራሻ አልጠየቅንም። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ለዚህም ይሆናል።

ይሁን እንጂ ሣሩን አይቶ ገደሉን አለማየት የተማረ ሰው ተግባር አይደለም። በዚህ በአዲሱ አሠራር ውስጥ ሦስት ገደሎች አሉ።

የመጀመሪያው እኔና ጓደኛዬ የሠራነው ነው። አጥቂው በሌሉ ስሞች ጥያቄ ያዘንባል። የስሙ መጀመሪያ እውነተኛ ስለ ሆነ መሪ መሣሪያው መንገዱን ዐውቆ ያሳልፈዋል፤ የስሙ መጨረሻ ፈጠራ ስለ ሆነ ግን ከየትኛውም ጠረጴዛ አይገኝም፥ መልስም አይመጣም። ስሞቹ ሁሉ ልዩ ልዩ ስለ ሆኑም በአንድ ብጣሽ አይጠቃለሉም። እያንዳንዱ ጥያቄ ጊዜው እስኪያልፍ ድረስ፥ ለምሳሌ 4 ሴኮንድ ያህል፥ አንድ ሚስማር ይዞ ይቆያል። አራት ሴኮንድ ለእኛ ዐይን ጨፍኖ መግለጥ ቢመስልም፥ በሴኮንድ ብዙ ሺህ ጥያቄ ለሚያስተናግድ መሣሪያ ረጅም ጊዜ ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ የዛሬው መሪ መሣሪያ ስላሳለፈው ነገር ስለማያስታውስ በዚህ መንገድ አይጎዳም፥ የሚጎዳው በመጨረሻ ያለው ተቀባይ ነው። በአዲሱ ግን መንገዱ ራሱ ያስታውሳልና መንገዱ ራሱ ይታነቃል። አጥቂው የፈለገው አንድን ድርጅት ለመጉዳት ቢሆንም እንኳ በዚያ መንገድ የሚያልፍ ጎረቤት ሁሉ አብሮ ይጎዳል።

ሁለተኛው ጠረጴዛውን ማበላሸት ነው። ማንም የማያነበውን ነገር ደጋግሞ በመጠየቅ ጠረጴዛው በማይረባ ነገር እንዲሞላና ሁሉ የሚፈልገው መጽሐፍ ወደ መጋዘን እንዲመለስ ማድረግ ነው። ጠያቂው ሐሰት አልተናገረም፤ የጠየቀው ነገርም አለ። ግን ሕዝቡ ጠረጴዛው በአጠገቡ በመሆኑ ያገኝ የነበረውን ጥቅም ያጣል።

ሦስተኛው ከሁሉ የከፋው ነው፤ በእውነተኛ ስም ሐሰተኛ ይዘት ማስቀመጥ። ሽፋኑ «የባዮሎጂ መማሪያ» ሆኖ ውስጡ ሌላ ቢሆን፥ ከጠረጴዛው የወሰደ ሁሉ ይሳሳታል፤ ሐሰቱም ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ይዛመታል። ይህን ለመከላከል አዲሱ መረብ እያንዳንዱ ይዘት በአዘጋጁ ማኅተም እንዲታተም ያስገድዳል። ማኅተሙ በእርግጥ ታላቅ ነገር ነው፤ ይዘቱ ከየትም ይምጣ እውነተኛነቱ ሊመረመር ይችላል። ነገር ግን ማኅተም መመርመር ጊዜና ጉልበት ይፈጃል፤ በመንገድ ላይ ያለው መሣሪያ ሁሉንም ልመርምር ቢል ሥራው ይቆማል፥ አልመረምርም ቢል ደግሞ ሐሰቱ ያልፋል። እኛ ተማሪዎች ይህን ገደል በደንብ እናውቀዋለን። በ2008 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና በማኅበራዊ መገናኛ ወጥቶ ፈተናው ተሰርዞ እንደ ገና መሰጠቱን ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። ከዚያ ወዲህ ፈተና በደረሰ ቁጥር «የዘንድሮው ፈተና» የሚል ስም የተሰጠው የሐሰት ወረቀት በቴሌግራም ይዘዋወራል። ስሙ እውነት፥ ውስጡ ውሸት ነው። ያን ይዞ ሌሊቱን ሲያጠና ያደረ ልጅ ጠዋት የሚያጋጥመውን አስቡት።

ለእነዚህ ሁሉ መድኃኒት እየተፈለገ ነው። ሊቃውንት እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ስለ አደጋዎቹ ብዙ ጽፈዋል፤ ካቀረቧቸውም መድኃኒቶች ዋናው እንዲህ ያለ ነው። መሪ መሣሪያው በእያንዳንዱ በር የገባውን ጥያቄና የተመለሰለትን መልስ ይቁጠር። ከአንድ በር የመጡት ጥያቄዎች አብዛኞቹ መልስ ካገኙ በሩ ታማኝ ነው፤ አብዛኞቹ መልስ ካጡ ግን በሩ ተጠርጣሪ ነውና የሚሰጠው የሚስማር ቁጥር ይቀነስ። ለምን በር ይቆጠራል፥ ሰው አይቆጠርም ብትሉ፥ በዚህ መረብ በጥያቄው ላይ የጠያቂው አድራሻ አይጻፍም፤ መልሱ የሚመለሰው በየሰሌዳው የተሰቀለውን ብጣሽ እየተከተለ ነው። ይህም አጥቂው በሌላ ሰው አድራሻ ተመስሎ መልስ እንዳያዘንብበት ይረዳል፤ ነገር ግን «ማን ነው የጠየቀ?» ብሎ ለማወቅ ያስቸግራል።

የእኔም አሳብ የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው። ይህ መድኃኒት ጥሩ ቢሆንም ቅሉ፥ ሳይታረም በሥራ ላይ ከዋለ እንደ ጫጫ ያሉትን ከተሞች የሚቀጣ ይሆናል ብዬ እሠጋለሁ።

ምክንያቴን ላስረዳ። በደብረ ብርሃን ለተቀመጠ መሪ መሣሪያ ጫጫ በሙሉ አንድ በር ሊሆን ይችላል። 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ከጫጫ የሚመጣው የተማሪውም፥ የነጋዴውም፥ የጤና ጣቢያውም ጥያቄ በዚያው በአንድ በር ይገባል። አሁን ከከተማችን አንድ ተንኮለኛ ልጅ ወይም አንድ በበሽታ የተለከፈ ኮምፒዩተር የሐሰት ጥያቄ ቢያዘንብ፥ መሣሪያው ልጁን አያውቀውም፤ የሚያውቀው በሩን ነው። በሩን ሲያጠብ ግን ሕዝቡ ሁሉ ይቀጣል። በአንድ ልጅ ጥፋት ክፍሉ በሙሉ ተንበርክኮ እንደ መዋል ያለ ነው።

ከዚህም የባሰ አለ። ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ ያለው መሥመር በቁፋሮ ወይም በሌላ ምክንያት ተበጠሰ እንበል። በዚያን ጊዜ ከጫጫ የሚወጣ ቅን ጥያቄ ሁሉ መልስ ያጣል። ቆጣሪው «100 ጠየቁ፥ 5 ተመለሰላቸው» ብሎ ይጽፋል። ያለ ምርመራ የሚፈርድ መሣሪያ እኛን አጥቂ ብሎ ይመዘግበናል፤ መሥመሩ ሲቀጠልም ገና እንደ ተጠርጣሪ ሆነን በጠባብ በር እንድንሰለፍ ያደርገናል። መሥመሩ የማይቋረጥበት ታላቅ ከተማ ታማኝ ይባላል፤ መሥመሩ የሚቋረጥበት ትንሽ ከተማ ክፉ ይባላል። እንዲህ ከሆነ ድህነታችን እንደ ወንጀል ተቆጠረብን ማለት ነው።

እዚህ ላይ «ታዲያ አጥቂው ዝም ይባል?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ዝም ይባል አላልሁም። እኔ ራሴ አጥፊ ስለነበርሁ የሚያስከትለውን ጉዳት ዐውቃለሁ፤ በአገራችንም የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሰውን የኮምፒዩተር ሥርዓት ማወክን ይከለክላል። ነገር ግን ፍርድ ከምርመራ መቅደም የለበትም እላለሁ። ለዚህም ሦስት ነገር ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

አንደኛ፥ ቅጣቱ ወደ ምንጩ ይጠጋ። የደብረ ብርሃኑ መሣሪያ በጫጫ በር ላይ ችግር ቢያይ በሩን ዘግቶ ከመቀመጥ ይልቅ ለጫጫው መሣሪያ «ከአንተ ዘንድ ይህን የመሰለ ስም በዝቷልና መርምር» ይበለው። የጫጫው መሣሪያም ከራሱ በሮች የትኛው እንደ ሆነ አይቶ ያንን ብቻ ያጥብብ። እንዲህ ደረጃ በደረጃ ወደ ታች ሲወረድ ቅጣቱ ከከተማው ወደ ሰፈሩ፥ ከሰፈሩ ወደ ቤቱ ይደርሳል። ሊቃውንቱም ይህን ዘዴ አቅርበውታል፤ እኔ የምለው ይህ ክፍል ለወጪ ተብሎ እንዳይቀር ነው።

ሁለተኛ፥ ከመቁጠር በፊት ይለይ። ከሁሉም በር፥ በሁሉም ዓይነት ስም የሚጠየቀው ሁሉ መልስ ካጣ የተበጠሰው መሥመር ነው። ከአንድ በር፥ በአንድ ዓይነት ስም ብቻ የሚመጣው መልስ ካጣና የሌላው ከተመለሰ ግን ጥርጣሬው ተገቢ ነው። ይህን ለመለየት ታላቅ ሊቅነት አያስፈልግም። እናቶቻችን በቦኖ ውኃ ተራ ላይ ይህን ያውቃሉ። ውኃው በጠፋ ቀን ጀሪካን ሁሉ ባዶ ይሆናል፥ ማንም ማንንም አይከስም። ውኃው እየወረደ ባለቤት የሌለው ጀሪካን ተደርድሮ ተራ ከያዘ ግን «ይህ የማነው?» ተብሎ ይጠየቃል።

ሦስተኛ፥ «የለም» ማለት እንደ መልስ ይቆጠር። መንገዱ የተቋረጠበት መሣሪያ ዝም ከማለት «መንገድ ተቋርጧል» ይበል፤ ባለ ይዘቱም ነገሩ ከሌለው በማኅተሙ አረጋግጦ «በዚህ ስም የሚጠራ ነገር የለኝም» ይበል። ይህ ሲሆን ሚስማሩ ቶሎ ይለቀቃል፥ ጠያቂውም ተስፋ ቆርጦ ሌላ መንገድ ይፈልጋል። የቤተ መጻሕፍታችን ሠራተኛ በዚያ ሳምንት የሁሉንም መጻሕፍት መዝገብ በእጇ ይዛ ቢሆን ኖሮ፥ የእኛን ብጣሽ ገና እንዳየች «ይህ የለም» ብላ ትመልስ ነበር፤ ያቺም ልጅ መጽሐፏን ይዛ ትሄድ ነበር።

እርግጥ ነው፥ አዲሱ መረብ ችግር ሁሉ ይፈታል ማለት አይደለም። ለምሳሌ የ12ኛ ክፍል ውጤት የሚወጣበትን ቀን ተመልከቱ። በ2015 ዓ.ም. የተፈተኑት ብቻ ከ8 መቶ ሺህ በላይ ነበሩ። በዚያ ቀን ሁሉም በአንድ ሰዓት ይጠይቃል፤ ማንም አጥቂ የለም፥ ሁሉም የልቡ ትርታ የጨመረ ተማሪና ወላጅ ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ የሚጠይቀው የራሱን ቁጥር እንጂ የሌላውን ስላልሆነ ጥያቄዎቹ በአንድ ብጣሽ አይጠቃለሉም፤ በጠረጴዛው ላይ ያለው የአንዱ ውጤትም ለሌላው አይጠቅምም። ለመቁጠሪያ መሣሪያ ይህ ሕዝብ እንደ ጥቃት ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ ውጤትን በድረ ገጽ፥ በአጭር የስልክ መልእክትና በቴሌግራም በልዩ ልዩ መንገድ መስጠት መጀመሩ መልካም ነው። ብዛትን ሁሉ ክፋት ነው ብሎ አለመቸኮል ከማንኛውም መሣሪያ በፊት የሚያስፈልግ ጥበብ ነው።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ገና በአገራችን ላልተተከለ ነገር ከወዲሁ ምን ያስጨንቅሃል?» ይሉኛል። የእኔ መልስ «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ነው። ከወረዳችን ከአንጎለላ የተወለዱት ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ስልክን ወደ አገራችን ሲያስገቡ፥ መሣሪያው በሌላ አገር ተሠርቶ፥ ሕጉም በሌላ አገር ተጽፎ ያለቀ ነበር፤ እኛ የተቀበልነው የተጠናቀቀውን ነው። ኢንተርኔትም በ1989 ዓ.ም. ሲገባ እንዲሁ ሆነ። ይህ አዲሱ ግን ገና በምርምር ላይ ነው፤ ሕጉ ገና አልደረቀም። መሥመሩ የማይበጠስበት አገር ሰው ብቻ ሕጉን ከጻፈው፥ መሥመሩ የሚበጠስበትን ሰው ሊያስብለት አይችልም፤ ክፉ ሆኖ ሳይሆን ስላላየው ነው። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በአጠገባችን የኮምፒዩተር ትምህርት ይሰጣል። ከእኛ መካከል ወደዚያም ሆነ ወደ ሌላ የሚገቡ ጓደኞቼ ይህን ነገር የመመረቂያ ሥራቸው ቢያደርጉት እንዴት በጠቀሙን!

እስከዚያው ግን በእጃችን ያለውን እንሥራ። ትምህርት ቤታችን የመማሪያ መጻሕፍቱን ቅጂ በአንድ ኮምፒዩተር አኑሮ፥ ተማሪው ያለ ኢንተርኔት በግቢው ውስጥ እንዲያገኘው ቢያደርግ ወጪው ብዙ አይደለም። ይህን ስናደርግ ሦስቱን ገደሎች አንርሳ። የሚገኙት መጻሕፍት ዝርዝር በግልጽ ይለጠፍ፤ ኮታው ለክፍል ሳይሆን ለእያንዳንዱ ተማሪ ይሁን፤ አዲስ ነገር የሚያስገባው አንድ ኃላፊ መምህር ሆኖ የገባው ሁሉ በስሙ ይመዝገብ። ተማሪዎችም ማኅተሙን ሳናይ ምንም ወረቀት ለጓደኛ አናስተላልፍ። ወላጆችም ልጃችሁ በስልኩ «የዘንድሮውን ፈተና አገኘሁ» ቢላችሁ፥ ከየት እንደ መጣ መጠየቅን አትርሱ።

በመጨረሻ፥ ያቺን የ12ኛ ክፍል ተማሪ ከዚያ ወዲህ አላየኋትም። ምናልባት ይህ መጽሔት በዘመድ እጅ ይደርሳት ይሆናል። እኅቴ ሆይ፥ በዚያ ሳምንት ሁለት ጊዜ የመለሰሽ የመጽሐፍ እጦት አልነበረም፤ የእኔ ቀልድ ነው። ይቅርታሽን እለምናለሁ። ወደ ፊት በማንኛውም ሰሌዳ ላይ የተሰቀለ ጥያቄ ባየሁ ጊዜ ግን፥ ከኋላው በእግሩ የመጣ ሰው ሊኖር እንደሚችል አስባለሁ።